ያልጠጣሁት ብርጭቆ

እናቴን ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ዶክተር አድርጌያት ነበር። ማንም ሳይሾማት፣ እሷም ሳትሰማ።

ነገሩ የጀመረው ከነጩ ጋውን ነው። እማዬ እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራ ነበር። ጠዋት የግቢውን በር አብረን እንገባና እኔ ወደ ሁለተኛ ክፍል፣ እሷ ከትልልቆቹ ተማሪዎች ሕንፃ ጀርባ ወዳለው ረጅም ክፍል እንለያያለን። እዚያ ስትደርስ ነጭ ጋውን ትለብሳለች። የክፍሌ ልጆች "እናትሽ ምንድን ናት?" ብለው ሲጠይቁኝ ምላሴ ቀድሞኝ "ዶክተር" አልኳቸው። ነጭ ጋውን የሚለብስ ሰው ከዶክተር ሌላ ምን ይሆናል? ጋውኑ ለዕቃ አጣቢም እንደሚታደል፣ ደረቷ ላይ የተሰፋችው ቁጥርም የንብረት ክፍል ቁጥር እንደሆነች ማን ይንገረኝ?

ከትምህርት በኋላ ሥራዋን እስክትጨርስ ድረስ ላብራቶሪው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። "ከበሩ ደፍ ወዲህ እግርሽን እንዳላየው" ስለምትለኝ እግሬ ውጭ፣ ዓይኔ ግን ውስጥ ነበር። ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ጫፋቸው በእሳት ጠቋቁሯል። ገንዳው አጠገብ ጠርሙሶች አፋቸውን ደፍተው ይንጠባጠባሉ። ክፍሉ አቼቶና ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። እማዬ እዚያ ውስጥ ስትራመድ ቤት ውስጥ ከምትራመደው ሌላ ነበረች። አትቸኩልም፣ አትዘፍንም፣ ስትጠራኝ እንኳ ዞር አትልም።

ከሁሉ የምወደው "ፊኖ" የምታዘጋጅበትን ቀን ነበር። ሙሉ ስሙ ፊኖልፍታሊን ነው፤ ከኮስቲክ ሶዳና ከመሳሰሉት ጋር ሲገናኝ ቀይ የሚሆን፣ አሲድ ሲነካው ደግሞ ቀለሙ የሚጠፋ የላብራቶሪ ማቅለሚያ። እኔ ግን የስሙን መጀመሪያ ብቻ ስለሰማሁ፣ ነጭ ዱቄት መሆኑንም ስላየሁ፣ የቤታችን የፊኖ ዱቄት የሥጋ ዘመድ አድርጌው ነበር። እማዬ ግን እንደ ዱቄት አትቀርበውም። ጓንቷን ታጠልቃለች፣ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍናለች፣ መነጽሯን ታደርጋለች። ንፋስ ዱቄቱን እንዳያነሳው መጀመሪያ መስኮቱን ትዘጋለች። ሚዛኑ ላይ ትንሽ ትንሽ እያደረገች ትመዝናለች፣ ዕቃውን ትከድናለች፣ ከዚያ መስኮቶቹን በሙሉ ወለል አድርጋ ትከፍታለች። አልኮሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አልኮሉን ከማንሳቷ በፊት ዙሪያዋን አይታ ሁልጊዜ ያቺኑ አንድ ቃል ትናገራለች፦ "እሳት ካለ አልኮል የለም፤ አልኮል ካለ እሳት የለም።" እኔ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻም ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ትለጥፍና ስሙን፣ መጠኑን፣ ቀኑን በጥንቃቄ ትጽፋለች።

"እማዬ፣ ትንሽ ልቅመስ?"

"ምላስሽን ነው የምቆርጠው።"

"ዱቄት አይደል?"

"ዱቄት ሁሉ አይበላም፣ ሚጡ። ይሄ ለብርጭቆ እንጂ ለሆድ አልተፈጠረም።"

ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ሮጬ ልጠመጠምባት ስል እጇን ዘርግታ ታቆመኛለች። ጋውኗን እስክታወልቅ፣ እስከ ክርኗ እስክትታጠብ አታቅፈኝም። ቅር ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ አቧራ ላይ ስንከባለል ስለዋልኩ የምትጸየፈኝ መስሎኝ፣ አንዳንድ ቀን ከመድረሷ በፊት ፊቴን በምራቄ እጠርግ ነበር።

አሁን የማውቀው ሌላ ነው። ላብራቶሪውን ለሃያ ዓመት የያዙት ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው ማንም አልተቀጠረም። እሳቸው ከመሄዳቸው በፊት ግን ዕቃ አጣቢዋን ጠርተው የሚያውቁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስተምረዋት ነበር። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ የእሳቸውን ሥራ በዕቃ አጣቢነት መደብ ሠርታለች። ይህንን እኔ ብቻ ሳልሆን ትምህርት ቤቱም ልብ አላለውም ነበር።

ዶክተርነቷን ያፈረሰችብኝ አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት። "ወንድሜን ጠይቄው" አለች፣ ሁሉም እየሰማ፣ "እናትሽ ጠርሙስ አጣቢ ናት አለኝ።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ቀን እማዬን በር ላይ አልጠበቅኋትም። ከግቢው ውጭ፣ አጥሩ ጥግ ቆሜ ጠበቅኋት።

ያን ሰሞን አዲስ የኬሚስትሪ መምህር መጣ። ወጣት ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው የሚወጣው። ተማሪዎቹ "መምህር ጥድፊያ" ይሉታል። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ከልጅ ጋር እንደ ልጅ የሚጫወት፣ ሁሉም የሚወደው ሰው ነበር። የወላጆች ቀን ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ላብራቶሪ ገብቶ እማዬን ሲያናግራት በርጩማዬ ላይ ነበርኩ።

"እትዬ፣ ለነገ ከመምህራን ክበብ እግር ያላቸው አምስት ብርጭቆዎች አስመጥቻለሁ፣ እጠቢልኝ። ውሃው ቀይ ይሆናል፣ ተመልሶ ነጭ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ይጠጣዋል። ሕዝቡ ያብዳል!"

"ይጠጣዋል?"

"እሱን አይደለም እንጂ! ንጹህ ውሃ ከጨርቅ ኋላ እደብቃለሁ። ስቀያይረው ማንም አያይም።"

"መምህር፣ ላብራቶሪ የገባ ነገር ወደ አፍ አይመለስም። ውሃም ቢሆን።"

እሱ ሳቀ። "ምነው እትዬ! ፊኖልፍታሊን እኮ ድሮ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነበር። በከረሜላ መልክ ሁሉ ይሸጥ ነበር።"

"ድሮ ነበር። ኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ቀረ፤ ሽማግሌው ዕቃው ላይ በእጃቸው ጽፈውታል፣ ያንብቡት። እሱስ ይሁን፣ ኮስቲክ ሶዳው ጉሮሮ ይልጣል። ደግሞ አብዝተውታል፣ ሲበጠብጡት አይቻለሁ።"

"አንቺ ብርጭቆውን እጠቢ" አላት፣ ሳቁ ሳይጠፋ፣ "ኬሚስትሪውን ለእኔ ተይው።"

እሱ ሲወጣ እማዬ ከኪሷ ቀይ ክር አወጣችና ከአምስቱ ብርጭቆዎች በአራቱ እግር ላይ እየጠመጠመች አሰረች። አንዱን፣ የሚጠጣ ውሃ የሚገባበትን፣ ባዶውን ተወችው። አራቱ ምን እንደሚይዙ ዛሬ ልንገራችሁ፦ አንዱ ፊኖልፍታሊን ጠብ የተደረገበት ውሃ፣ አንዱ ኮስቲክ ሶዳ፣ አንዱ አቼቶ፣ አንዱ ደግሞ ለመጠባበቂያ ተቀድቶ ከሚጠጣው ውሃ ጋር ከጨርቁ ኋላ የሚቀመጥ ሌላ ኮስቲክ ሶዳ። አምስቱንም ደርድራችሁ ብታዩአቸው አምስቱም ውሃ ናቸው። የሚለያቸው ክሩ ብቻ ነበር።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ልጅ ይጠጣዋል። ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ልጅ እኔ እንድሆን ተመኘሁ።

በማግስቱ ግቢው በወላጅ ተሞላ። መድረኩ ከሳንቃ የተሠራ ነው፤ ከፊት ዳይሬክተሯና እንግዶች ወንበር ላይ፣ ከኋላ ወላጅ አግዳሚ ላይ፣ እኛ ትንንሾቹ መሬት ላይ። እማዬ ከሁሉም ኋላ ቆማለች። ጋውኗን ለብሳ፣ መወልወያዋን ይዛ። እንዳላየኋት ሆኜ ፊቴን አዞርኩ።

መምህሩ ጠዋት ጠረጴዛውን ሲያዘጋጅ ክሮቹን በመቀስ ቆርጧቸው ነበር። ክሩን ያየ ሰው ምስጢሩን ያውቃል ብሎ ነው። ተራው ሊደርስ ሲል ደግሞ ፀሐይ መድረኩን መታችው፤ ሁለት ትልልቅ ተማሪዎች ጠረጴዛውን አንስተው ወደ ጥላው ሲያሻግሩት ብርጭቆዎቹ ተገጫጩ፣ ከጨርቁ ኋላ የነበሩት ሁለቱም ተንሸራተው ሊወድቁ ሆነ። እሱ በሩጫ ደረሰና እየሳቀ መልሶ ደረደራቸው። አንዱ ትንሽ ፈሰሰ። በመሐረቡ ጠረገው።

ትርኢቱ ግሩም ነበር፤ እስከ ዛሬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ግን አልደነቀኝም። ውሃ በውሃ ላይ አፈሰሰ፣ ቀላ። ሕዝቡ "ውይ!" አለ። በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ገለበጠው፣ ቀለሙ ጠፋ። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ከዚያ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ጨርቁን አልፎ ዞረና፣ "አሁን ይህን ውሃ የሚጠጣ ጀግና ማነው?" አለ።

እጄን ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነቴን ነው ያወጣሁት። ጠራኝ። መድረኩ ላይ አንስቶ አቆመኝና ማይክሮፎኑን አፌ ላይ ደቀነው።

"የማን ልጅ ነሽ፣ ጀግናዬ?"

ማታውን ያሰብኩት መልስ አልነበረም፤ ዝም ብሎ ወጣ። "የዶክተሯ።"

የክፍሌ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ጆሮዬ ጋለ። ብርጭቆውን ተቀብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት፤ እግሩ እርጥብ ነው፣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሳቁ እንዲቆም በአንድ ትንፋሽ ልጨልጠው ወደ አፌ አስጠጋሁት።

"እንዳትጠጪ!"

እናቴ እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። በአግዳሚዎቹ መካከል ሰው እየገፈተረች፣ መወልወያዋን ጥላ፣ ጋውኗ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ስትሮጥ አየኋት። መድረኩ ላይ እንዴት እንደወጣች አላውቅም። በመዳፏ ብርጭቆውን ከእጄ መታችው፤ ሳንቃው ላይ ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ "ዶክተሯ መጣች!" አለና ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ያን ጊዜ እናቴን ጠላኋት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ጠላኋት።

እሷ ሳቁንም፣ መምህሩንም፣ የእኔንም ልቅሶ አልሰማችም። አፌን ከፍታ አየች፣ ከንፈሬን አየች፣ ክንዴን ይዛ እየጎተተች ወደ ቧንቧው ወሰደችኝና ሁለቱንም እጆቼን ከሚወርደው ውሃ ሥር ያዘቻቸው። ውሃው በረዶ ነው። ልቅሶዬ ቢበረታም አልለቀቀችኝም። ዘበኛው መጣ።

"ዳይሬክተሯ አሁኑኑ ቢሮ ነይ ብለዋል።"

"መጣሁ በላቸው። መጀመሪያ የልጄ እጅ።"

"አሁኑኑ ነው ያሉት!"

"ሰምቻለሁ። ይጠብቁኝ።"

ዳይሬክተር አስጠብቃ እኔን በቀዝቃዛ ውሃ የምትቀጣ እናት! አንድ ሰዓት የቆየን መሰለኝ። ሩብ ሰዓት ነበር። ዛሬ በምሠራበት ላብራቶሪ ከቧንቧው በላይ "ኮስቲክ የነካውን ሰውነት ቢያንስ ለሩብ ሰዓት በሚወርድ ውሃ ያጥቡ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

እጄን አድርቃ ከጨረሰች በኋላ ጓንቷን አጥልቃ ወደ መድረኩ ተመለሰች። የወደቀው ብርጭቆ የታች ጎድጓዳው አልተሰበረም ነበር፤ ማንኪያ የማይሞላ ፈሳሽ ይዟል። እንዳይፈስ አድርጋ በትሪ ላይ አስቀመጠችው። ከላብራቶሪው ያችን ትንሽ የፊኖልፍታሊን ጠርሙስ አመጣች። ከዚያ ቢሮ ገባች፤ እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

"ውሃ ነበር!" ይላል መምህሩ። "በሕዝብ ፊት አዋረደችኝ። እምላለሁ፣ የሰጠኋት ንጹህ ውሃ ነው!"

"ውሃ ከሆነ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" አለች እማዬ። "ይኸው፣ እንየው።"

አንዲት ጠብታ ጣለች። ስብርባሪው ላይ ያለው ፈሳሽ ቀላ፤ እንደ ጽጌረዳ ደምቆ ቀላ።

ማንም አላጨበጨበም።

ያኔ እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ያበላሸችውን ትርኢት እንድትደግመው አስገድደዋታል፤ እሷም በስብርባሪ ብርጭቆ ስለሠራችው ማንም አልወደደላትም። መምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ትርኢቷ ሰው እስኪያስለቅስ ድረስ መጥፎ ነበር ማለት ነው! ዳይሬክተሯ በቀስታ "ልጅቷ ብትጠጣው ኖሮስ?" ስትል ሰማሁ። እማዬ "ጉሮሮዋን..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። የዚያን ዕለት እናቴ ስትንቀጠቀጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ።

እሁድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት መምህር ጥድፊያ ቆሟል፤ በብብቱ ትልቅ ካርቶን፣ በእጁ ፖስታ። ጎረቤታችን ከሥራ የተባረረው ፖስታ በመጣለት ሳምንት ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

"እናቴ የለችም" አልኩት፣ በሩን በእግሬ ደግፌ።

"ማነው ሚጡ?" አለች እማዬ ከጓዳ።

"የለችም" አልኩ አሁንም።

እሱ ሊስቅ ብሎ ተወው። "እትዬ፣ ልገባ ይፈቅዱልኛል?" አለ።

ይፈቅዱልኛል! እስከዚያ ቀን "አንቺ" ነበር የሚላት። ሌላዋ ጎረቤታችን ከባሏ ጋር ስትጣላ "እርስዎ" ነበር የምትለው፤ ስለዚህ ይህ ሰው የመጣው ለጠብ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ገብቶ ተቀመጠ፣ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ እስክሪብቶ አወጣ።

"እርስዎ ይንገሩኝ" አለ፣ "እኔ ልጻፍ።"

ፖሊስ ቃል እንደሚቀበል አውቃለሁ፤ ሬዲዮ ላይ ሰምቻለሁ። እናቴ ቃሏን ልትሰጥ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ እግሯን አቀፍኩ።

"መለያ የሌለው ጠርሙስ አይከፈትም" አለች እማዬ። እስክሪብቶው ጫር ጫር አለ። "ስሙን ያላወቁትን ነገር አይነኩም። ላብራቶሪ ውስጥ አይበላም፣ አይጠጣም። በአፍ የሚሳብ ነገር የለም። ዱቄት ሲመዘን ንፋስ ይዘጋል፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል።"

"ቀስ ይበሉ እትዬ፣ አልደረስኩብዎትም።"

"እርስዎም ቀስ ማለት ተማሩ?" አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ፣ ወንጀሏን እየተናዘዘች እንዴት ትስቃለች አልኩ። ቀጠለች። እሳት ካለ አልኮል የለም። ኬሚካል የነካው እጅ ሳይታጠብ ዓይን አይነካም፣ ልጅ አይታቀፍም።

ልጅ አይታቀፍም ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ጨርሶ የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ፣ የራሴን ልጅ በተዘረጋ እጅ ያቆምኩ ዕለት ነው።

ጽፎ ሲጨርስ ፖስታውን ሰጣት። ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስታነብ እንባዋ ወረደ። አለቀልን አልኩ። እሱ ተነሳና ጎንበስ ብሎ "ልጅዎንም፣ እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብሎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ላብራቶሪውን ከዘበኛው ሳትጠይቅ በራሷ ቁልፍ ከፈተችው። ካርቶኑ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ያኔ ማንበብ የማውቀው ፊደል እየቆጠርኩ ነበር፤ ከሥር የእናቴ ስም ነበረ፣ ከስሟ ቀጥሎ "የላብራቶሪ ኃላፊ"፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በትንንሽ ፊደል "ጸሐፊ" ተብሎ የመምህሩ ስም። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ከዚያ ሮጥኩ። ያችን የክፍሌን ልጅ እጇን ይዤ እየጎተትኩ አመጣሁና "አንብቢ" አልኳት። እሷም እየተንተባተበች አነበበች። ስትጨርስ "ዶክተር አይልም" አለች።

"አዎ፣ አይልም" አልኳት። "እናቴ ዶክተር አይደለችም። ኃላፊ ናት።"

እማዬ ያን ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት መርታው፣ አንድም ተማሪ ሳይቃጠልባት ጡረታ ወጣች። መምህሩም እስካሁን አለ፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ደረጃውንም አንድ በአንድ ነው የሚወጣው። አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር የመጀመሪያ ትምህርቱ የራሱ ስህተት ታሪክ ነው፤ ምንም ሳይቀንስ ይነግራቸዋል። እኔም ዛሬ የውሃ ጥራት የሚመረመርበት ላብራቶሪ ኃላፊ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ እናቴ ከግቢው ዳር ቆማ ውሃና ኮስቲክ ሶዳን በዓይኗ ለይታ እንደሮጠች እተርካለሁ። ስተርከው ደረቴ ይነፋል፤ አልደብቅም።

አምና አንድ ቀን እቤቷ ሄጄ፣ እሷ ድንች እየላጠች፣ እስከዚያ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ክሮቹ ተቆርጠው ነበር፣ ብርጭቆዎቹም ተደበላልቀዋል። እኔ የያዝኩት ኮስቲኩ መሆኑን ከዚያ ሁሉ ርቀት እንዴት አወቅሽ?"

"አላወቅኩም" አለች፣ ቀና ሳትል።

"እንዴት አላወቅሽም?"

"ምኑ ይታያል ከዚያ? ሁለቱም ነጭ። እንዲያውም ሳስበው፣ ውሃው ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር።"

ቢላዋው ድንቹ ላይ ይሄዳል። በዓይኔ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሳቅ፣ ለዕቃ አጣቢ ቦታ ያልነበረው ያ መድረክ መጣ።

"ታዲያ ውሃ ቢሆን ኖሮስ?" አልኳት። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?"

የላጠችውን ድንች ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና ጥያቄው ራሱ እንዳልገባት አየችኝ።

"ውሃ ቢሆንማ" አለች፣ "ወልውዬው እሄዳለኋ።"